ስንዴ ለማይስማማው ልጅ የኮክ ዳቦ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዳቦ ነው። «ደግሞ ዳቦ መጋገር ከተማሪ ልንማር ነው እንዴ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ መጋገሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኛ ይዘን የመጣነው ሌላ ጉዳይ ነው። የስንዴ ዳቦ ሲበላ የሚታመም ሰው አለ። በዓል ደርሶ ዳቦ ሲቆረስ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ እጁን ሲዘረጋ፣ ይህ ሰው ምን ይብላ? እንግዲህ ነገራችን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። አንዳንድ ልጅ ጡት ሲጠባ ደህና ይፋፋል። ገንፎው፣ ቂንጬው፣ ዳቦው ሲጀመርለት ግን ይለወጣል። ሆዱ ይነፋል፤ እጅና እግሩ ይቀጥናል። ተቅማጥ ይመላለስበታል። ፊቱ ይገረጣል። ቁመቱ ከእኩዮቹ ያንሳል። ይበላል፤ ግን የበላው ገላው ላይ አይታይም። አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ሌላው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላል። እናት ደግሞ ይሻለው እንደሆነ ብላ ነጭ የስንዴ ዳቦ ታቀርብለታለች። ልጁም ይብስበታል።

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። በትልቅነቱ የሚጀምረውም ሰው አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ በዘር ግን በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ሊይዝ ይችላል። በብዙ አገሮች ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ አለበት።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የቀጭን አንጀታችን ውስጠኛ ግድግዳ ለስላሳ አይደለም። እንደ በግ አጎዛ ጸጉር ያለ፣ በዓይን የማይለይ ጥቃቅን ጣት መሳይ ነገር ሞልቶበታል። ምግቡን ወደ ደም የሚያስገባው እርሱ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ ጠላት የገባበት ይመስለውና የገዛ አንጀቱን ይወጋል። ጣት መሳዮቹ ያልቃሉ። አንጀቱ እንደ ተላጨ አጎዛ ይሆናል። እንግዲህ ምግቡ በምን ይገባል? ዝም ብሎ ያልፋል።

ይህ በቀላሉ የታወቀ ነገር አይደለም። በሆላንድ አገር ቪለም ዲኬ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። ከዚያ በ1937 ዓ.ም.፣ በእነርሱ አገር ብርድ በሚበረታበት ወራት፣ የጀርመን ጦር በያዘው የሆላንድ ክፍል ከባድ ረሃብ ገባ። ዳቦ ጠፋ። ሰው የአበባ ሥር እየቆፈረ እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ሴሊያክ የነበረባቸው ሕፃናት ተሻላቸው! ረሃቡ አልፎ ዳቦ ሲመጣ እንደገና ታመሙ። ዲኬ በ1942 ዓ.ም. ጥናቱን ጽፎ አቀረበ። አገር ያጠፋው ረሃብ የበሽታውን ምስጢር ገለጠ።

መድኃኒቱስ? እስከ ዛሬ ድረስ የሚያድን ክኒን የለም። መድኃኒቱ ምግቡ ነው፤ ስንዴንና ገብስን ዕድሜ ልክ መተው። አጃም ቢሆን በማሳ ላይ ከገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚበቅል ይቅርበት። ይህ ከተጠበቀ አንጀቱ ያገግማል። ልጁም ያድጋል።

አሁን አደራ የምንላችሁ ነገር አለ። ሆዱ የነፋ ልጅ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የሆድ ትልም፣ የቆሸሸ ውሃ የሚያመጣው ተቅማጥም፣ የምግብ እጥረትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። በሽታው በደም ምርመራ ይፈለጋል። ከምርመራው በፊት ግን ስንዴውን በገዛ እጃችሁ አትከልክሉት። ስንዴ የተወ ሰው ደሙ ቢመረመር በሽታው ተደብቆ ይቀራል። ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ ነው መተው።

ደህና፣ ሐኪሙ አረጋገጠ እንበል። ልጁ ዳቦ ቀረበት ማለት ነው? ኧረ አይደለም!

ግሉተን ለዳቦ ምን እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ይህን ሞክሩ። አንድ እፍኝ የስንዴ ሊጥ ጠበቅ አድርጋችሁ አቡኩና በውሃ ውስጥ እያሻችሁ እጠቡት። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ውሃውን እየለወጣችሁ ቀጥሉ። በመጨረሻ እጃችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። ግሉተን እርሱ ነው። የስንዴ ዳቦ ሲቦካ አየሩን አፍኖ የሚይዘው፣ ዳቦውን የሚነፋው እርሱ ነው። የጤፍ ሊጥ እንዲሁ ብታጥቡ ግን ሁሉም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ቆጮም የላቸውም።

«ታዲያ ግሉተን ከሌለው እንጀራው እንዴት ዓይን ያወጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱ ያለው እናንተው ጓዳ ነው። እናቶች ሊጡ ከቦካ በኋላ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውሃ ያበስሉና መልሰው ይቀላቅሉታል፤ አብሲት ማለት ነው። የበሰለው ሊጥ ይወፍራል፤ ሌላውን ያያይዛል፤ አየሩን ይይዛል። በፈረንጅ አገር ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች ዳቦ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ግሉተንን በምን እንተካው እያሉ ብዙ ይደክማሉ። የእኛ እናቶች ይህን ችግር በአብሲት የፈቱት ጥንት ነው። ይህን ስንል ልናሞግሳችሁ አይደለም፤ ነገሩ እንዲሁ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዳቦው እንሂድ። የመረጥነው ከፍራፍሬ ጋር የሚጋገር ዓይነት ነው። በአሜሪካ አገር ኮብለር ይሉታል። ፍራፍሬው ከሥር ይሆናል፤ ሊጡ ከላይ በማንኪያ ይጣልበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን በጋሪ እየተጓዙ ወደ ምዕራብ የሰፈሩ ገበሬዎች የዳቦ ምድጃ ስላልነበራቸው ወፍራም የብረት ድስት ፍም ላይ ጥደው፣ ክዳኑ ላይም ፍም ጭነው ይጋግሩት ነበር። ይህስ ምን ያስደንቃል? ድፎ ዳቦም እሳት ከላይ እሳት ከታች ነው የሚጋገረው። እዚያ የሚወደደው ፍሬ ኮክ ነው። ኮክ በደጋችን በየጓሮው አለ። ቆላ ያላችሁ በማንጎ ሥሩት።

ለስድስት ሰው የሚበቃውን እንንገራችሁ። አንድ ኪሎ ያህል የበሰለ ኮክ ልጣጩንና ፍሬውን አውጥታችሁ ቁረጡ። ፍሬውን ሰብሮ ውስጡን የሚበላ ልጅ አይጠፋም፤ መርዝነት ስላለው ከልክሉት። የተቆረጠውን ኮክ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ከሁለት ማንኪያ ማር ጋር ድስት ውስጥ ጨምሩ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከዚህ የሚቀምስ ከሆነ ማር አይግባበት፤ ቢበስልም ለእርሱ አይሆንም። የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት። ቡላ ከሌለ የጤፍ ዱቄት ይሁን። ይህ መረቁን ያወፍረዋል። እስኪፈላ ድረስ አማስሉት።

ለሊጡ አንድ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄትና ግማሽ ብርጭቆ የላመ የበቆሎ ዱቄት ያስፈልጋል። ጤፍ ከተወደደባችሁ በማሽላ ዱቄት ሥሩት። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። አሁን ማያያዣውን እናምጣ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ተልባ ሲቆይ እንዴት እንደሚያዝ ታውቁታላችሁ። የግሉተኑን ሥራ የሚሠራልን እርሱ ነው። ተልባውን፣ አንድ እንቁላል፣ ሦስት ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤና ግማሽ ብርጭቆ ወተት ከዱቄቱ ጋር ለውሱ። ሊጡ እንደ እንጀራ ሊጥ አይቅጠን፤ እንደ ስንዴ ሊጥም አይጠጥር። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ ጧ ብሎ የሚወድቅ ይሁን። ከጠጠረ ወተት ጨምሩ።

ገና በሽታው የታወቀበት ልጅ ለጊዜው ወተትም ላይስማማው ስለሚችል በውሃ ሥሩለት። በጾም ቀን ደግሞ በቅቤው ፈንታ የምግብ ዘይት፣ በወተቱ ፈንታ ውሃ፣ በእንቁላሉ ፈንታ አንድ ማንኪያ ተልባ ከነውሃው ጨምሩ።

ሊጡን ሩብ ሰዓት አሳርፉት። የጤፍና የበቆሎ ዱቄት ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ካላረፈ ዳቦው አሸዋ አሸዋ ይላል። ካረፈ በኋላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምራችሁ ቶሎ አዋህዱት። ቤኪንግ ፓውደር ከከተማ ሱቅ ይገኛል። አንዳንዱ ዓይነት የስንዴ ስታርች ስላለበት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ አይ፣ አሁንማ ራሳችሁ ታነብቡታላችሁ! ካጣችሁ ሊጡን ከጤፍ እርሾ ጋር አሳድሩት። ኮምጠጥ ይላል፤ ስኳሩን ጨመር ማድረግ ነው።

ኮኩ ገና እየፈላ ሳለ ሊጡን በማንኪያ ማንኪያ ላዩ ላይ ጣሉት። ፍራፍሬው ከቀዘቀዘ በኋላ ቢጣልበት የሊጡ ሥር ሳይበስል ጥሬ ይቀራል። በሊጡ መካከል እንፋሎት መውጫ ክፍተት ተዉ። ድስቱን ክደኑና ጥቂት ፍም ከሥሩ፣ ብዙ ፍም ከክዳኑ ላይ አድርጉ። ክዳኑ ብረት ይሁን፤ ከሊጡም በአራት ጣት ያህል ይራቅ። ከሥር እሳት ከበዛ ኮኩ ይቃጠላል። 40 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ንጹሕ ስንደዶ ዳቦው ውስጥ ስደዱ። ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ታዲያ ወዲያው አትቁረሱት። ግሉተን የሌለው ዳቦ በትኩሱ ይፈረፈራል፤ ሲበርድ ይጠነክራል። 20 ደቂቃ ይታገሡት። ሽታው ልጆቹን ያስቸግራችኋል፤ ምን ይደረግ!

ይህን ሁሉ ደክማችሁ ዳቦው ልጁን ሊያሳምመው ይችላል ብንላችሁስ? ይችላል። የሚያሳስበን ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ደንብ አውጪ ጉባኤ በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ደረጃ፣ ግሉተን የለበትም በሚባል ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ግሉተኑ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ይህ ምን ያህል ነው? አንድ ኪሎ 50,000 ቦታ ቢከፈል አንዷ ክፍል ናት። ከወንፊት የሚራገፍ የስንዴ ብናኝ ከዚህ ይበልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ወፍጮ ቤት ነው። ከእናንተ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ ስንዴው በድንጋዩና በአሸንዳው ውስጥ ቀርቷል። ጤፋችሁ ይዞት ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተ ሰብ አድርጉት ቢባልም ይህ እንኳ አያስተማምንም። የሚሻለው የልጁን እህል ቤት ውስጥ፣ ስንዴና ገብስ ፈጽሞ በማይነካው የእጅ ወፍጮ መፍጨት ነው። አድካሚ እንደሆነ አልጠፋንም። እንደ እኛ አስተያየት የወፍጮው ሥራ ለእናት ብቻ አይተው፤ አባትም ታላቅ ወንድምም መጁን ይያዙ።

ወንፊቱም ለብቻ ይሁን። ቡሃቃው እንጨት ከሆነ የስንዴ ሊጥ በስንጥቁ ውስጥ ይይዛልና ለልጁ ሌላ ዕቃ ይኑረው። የጤፍ እንጀራ ውስጥ ገብስ ወይም ስንዴ የሚደባልቅ ቤት እርሾውንም ይለይ። ቅቤ በስንዴ ዳቦ ፍርፋሪ እንዳይበከል በንጹሕ ማንኪያ ይጠለቅ። በሶም፣ የገብስ ቆሎም፣ ዳቦ ቆሎም፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላም ከክልክሉ ወገን ናቸው።

ጎረቤት ደግሞ አለ። ልጅ ሲያዩ ቁራሽ መስጠት የአገራችን ደግነት ነው። አያት «ትንሽ ብትቀምስ ምን አላት?» ትል ይሆናል። ሳትቆጡ አስረዷት፤ «እማማ፣ ቁራሿ ለእርሷ መርዝ ናት» በሏት። ልጁንም ራሱ እንዲህ እያለ እንዲመልስ አስተምሩት፦ «ስንዴ ያሳምመኛል፤ የጤፍ ከሆነ ስጡኝ።»

የኮኩን ዳቦ ስትጋግሩ ታዲያ ለታመመው ብቻ በትንሽ ጣባ አትሥሩለት። ለቤቱ ሁሉ በአንድ ድስት ይሠራ፤ ሁሉም ከእርሱ ይብላ። ያን ዕለት የስንዴ ዳቦ ካልቀረበ ቢላዋውም፣ ሰሃኑም፣ እጁም አይቀላቀልም። የተረፈ ካለ ከድኑትና በማግስቱ ጠዋት ለስለስ ባለ ፍም ላይ አሙቁት።