ሳተላይት ለምን አትወድቅም?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ የቡራዩና የአካባቢዋ አድማጮቻችን፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ከቻይና ያመጠቀችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የመቆጣጠሪያ ጣቢያው የሚገኘው ቅርባችን፣ እንጦጦ ላይ ነው።

ለመሆኑ ሳተላይት ለምን አትወድቅም? እንዲያውም ዘወትር እየወደቀች ነው። ግን ወደ ጎን በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትከንፍ፣ ቁልቁል በወረደች ልክ የምድር ገጽም ከሥሯ እየጎበጠ ይርቃታል። በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድርን አንዴ ለመዞር 97 ደቂቃ ያህል ይበቃታል።

ምድር ደግሞ ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች። ይህ ውፍረት እንደ ኢቲአርኤስኤስ-1 ያለችን ሳተላይት ምሕዋር በቀን 1 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል። ምድርም ፀሐይን የምትዞረው በዚሁ ልክ ነው። በመሆኑም ሳተላይቷ በአንድ ቦታ ላይ ምንጊዜም በተቀራራቢ ሰዓት ታልፋለች። ስለዚህ እንዲህ ያለች ሳተላይት የምታነሣቸውን የገፈርሳ ግድብ ምስሎች ከወር ወር ስናነጻጽር የሰዓት ልዩነት አያሳስተንም።

እንዲህ ያለ የምሕዋር ጥናት በጉባኤ ላይ የምታቀርቡ ወጣቶች፣ ከቀመሩ በፊት ጥቅሙን አስረዱ። ስሌታችሁ ከሳተላይቷ እውነተኛ ቦታ በስንት ሜትር እንደሚርቅም በግልጽ ተናገሩ። ጥናት የሚታመነው ስህተቱን ለክቶ ሲያሳይ ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)