የኮዲንግ አጭር ሥልጠና የጨረሱ ልጆቻችንን ስለ መቅጠር
(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ኮዲንግ ማለት ለኮምፒዩተር የሚሠራውን በትእዛዝ መጻፍ ነው። ሙያውን ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ በጥቂት ወራት መማር ተለምዷል። በአገራችንም የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ብዙ ወጣት በኢንተርኔት በነጻ ተምሮ የምስክር ወረቀት ይዟል። ታዲያ ልጆቻችን ወረቀቱን ይዘው ሲሄዱ አሠሪው «ዲግሪ አለህ? የሁለት ዓመት ልምድ አለህ?» ብሎ ይመልሳቸዋል። ይቀጠሩ ወይስ አይቀጠሩ?

የእኛ አስተያየት፣ በወረቀት ብቻ አይቀጠሩ፤ በወረቀት ብቻም አይመለሱ የሚል ነው።

ይህ ሥልጠና ቡትካምፕ በሚል ስም የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። እዚያ ብሉምቴክ የተባለ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ ከ71 እስከ 86 ከመቶው ሥራ ይይዛሉ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። የአገሩ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው ግን እውነተኛው ቁጥር ወደ 50 ከመቶ የተጠጋ፣ ለአንዳንዱ ዙር እስከ 30 ከመቶ የወረደ ነበር። ማስታወቂያ ማመን አይበቃም ማለት ነው። ቢሆንም ሥራ የያዙትም ጥቂት አይደሉም እኮ! በጅምላ መናቅም ስሕተት ነው።

ከኮሚቴው አብዛኞቻችን ኮድ መጻፍ አናውቅም፤ ሠራተኛ መለየት ግን እናውቃለን። ልብስ ሰፊ ስንቀጥር ስፌቱን እናያለን። እዚህም እንዲሁ ነው፦

1ኛ/ ለግማሽ ቀን ትንሽ ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ ይሥራ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ስለሚጽፍለት፣ ለምን እንዲህ እንደ ተጻፈ ያስረዳ። የተበላሸም ስጡትና ያስተካክል። ራሳችሁ ሙያውን ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ።

2ኛ/ ካለፈ በሙከራ ቅጠሩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል። «ለልምድ ነው» እያሉ ወራት በነጻ ማሠራት ይቅር።

3ኛ/ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ሥራ ለጀማሪ ብቻውን አትስጡ፤ ልምድ ካለው ሰው ሥር ይሥራ።

እናንተም ወጣቶች፣ ወረቀቱን ስትይዙ ትምህርቱ አለቀ አትበሉ። የሠራችሁትን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ።

የፈተናችሁት ልጅ ቢወድቅ የጠፋው ግማሽ ቀን ነው። ሳትፈትኑት ብትመልሱት ግን ጥሩ ሠራተኛ ታጣላችሁ፤ እሱም ዓመቱን በር ላይ ተቀምጦ ይፈጀዋል። የሚቀጥር አባል ካለ ስሙንና የሥራውን ዓይነት በጽሕፈት ቤታችን ያስመዝግብ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።