ኮኒ ያልተገኘበት ፊርማ

በፈረንጆቹ ሐምሌ 2006 የኡጋንዳ መንግሥትና የጆሴፍ ኮኒ አማፂ ቡድን «የጌታ ተከላካይ ጦር» ጁባ ላይ ለድርድር ተቀመጡ። አደራዳሪው የያኔው የደቡብ ሱዳን ራስ ገዝ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት ሪክ ማቻር ነበሩ።

ለምን ጁባ? የኮኒ ጦርነት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ጋር የተሳሰረ ስለነበር ነው፤ ካምፓላ የደቡብ ሱዳን አማፂዎችን ስትደግፍ፣ ካርቱም በአጸፋው ኮኒን ታስታጥቅ ነበር። ጦሱ የተረፈው ለድንበሩ ገበሬ ነው!

በነሐሴ የተኩስ አቁም ተፈረመ፤ በሰሜን ኡጋንዳ መጠለያዎች የታጎሩ ተፈናቃዮችም ቀስ በቀስ ወደ ቀያቸው መመለስ ጀመሩ። ይህ እንደዋዛ የሚታይ ውጤት አይደለም። ኮኒ ግን የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእስር ማዘዣ ስላሰጋው፣ ሚያዝያ 2008 የመጨረሻውን የሰላም ስምምነት ሳይፈርም ቀረ። በታኅሣሥ ኡጋንዳ ኮንጎ ውስጥ ያለውን የጋራምባ ሰፈሩን ደበደበች፤ የተበተኑት ታጣቂዎች በገና ሰሞን በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደርተኞችን ፈጁ። ኮኒ አምልጧል።