ድንጋይ የሆነ ጥርስ ምን ይነግረናል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጥርስ ነው። ስለ ጥርስ ሕመም ግን አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ስለሞቱ እንስሳት ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ ዛሬ ድንጋይ ሆኗል። እንዲህ ድንጋይ የሆነውን ጥርስና አጥንት ሊቃውንት ቅሪተ አካል ይሉታል።

«ይህ ከቡናችንና ከእንሰታችን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትንሽ ታገሡን፤ መልሱ ላይ እንደርሳለን።

እስቲ በመጀመሪያ እኛ እንጠይቃችሁ። ከገበያ ላም ወይም በሬ ስትገዙ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን አታዩምን? ታያላችሁ። የወተት ጥርሱ መውለቁን፣ አዲሱ መብቀሉን፣ ማለቁን አይታችሁ ዕድሜውን ትናገራላችሁ። ሻጩ «ገና ወይፈን ነው» ቢላችሁ ጥርሱ ይመሰክርበታል። እንግዲያው ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት ጥርስ ማንበብ ታውቁ ነበር ማለት ነው። ሊቃውንቱም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ድንቅነሽን ስሟን ሰምታችኋል። አጥንቷ የተገኘው በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሕፃን ትመስል ነበር። ዳሩ ግን የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በቅሎ፣ ጥቂትም ተፍቆ ተገኘ። ስለዚህ ድንቅነሽ ሙሉ ሰውነት ያላት ሴት እንደነበረች ታወቀ። ይህን የመሰከረው ጥርሷ ነው።

ለመሆኑ ሌላው አካል ሲበሰብስ ጥርስ ለምን ይቀራል? ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር የጥርሳችን ነጭ ልባስ ስለሆነ ነው። ሥጋውን አሞራና ጅብ ይበላዋል። አጥንቱንም ፀሐይና ዝናብ ይሰነጣጥቀዋል። ጥርሱ ግን ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ይቆያል። በጭቃው ውስጥ የሚያልፈው ውኃ የድንጋይ ንጥረ ነገር ይዞ ይገባበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ መልኩ እንደ ጥርስ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ ይሆናል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ጥርስ ብዙ ነገር አስተምሯል። በጎንደር በኩል ጪልጋ አካባቢ የዝሆን ዘመዶች የሆኑ እንስሳት ጥርስና አጥንት ተገኝቷል። ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሐረርጌ በኩል ጮሮራ በተባለ ቦታ ደግሞ ዘጠኝ ጥርሶች ተገኙ። በ1999 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። ዘጠኝ ጥርስ ብቻ ነው፤ ሙሉ አጥንት የለም። ነገር ግን ከ8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ምድር ጎሪላን የሚመስል ታላቅ ዝንጀሮ ይኖር እንደነበር በእነዚሁ ጥርሶች ታወቀ።

አንድ ጥርስ የት እንደሚያደርስም ተመልከቱ። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. በአፋር፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ ገን ሱዋ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ አንድ የመንጋጋ ጥርስ አዩ። ፍለጋው በዚያው አካባቢ ቀጠለ። በ1987 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የእጅ አጥንት ስባሪዎች አገኙ። ከዚያ በጥንቃቄ ሲፈለግ አርዲ የተባለችው የ4 ሚሊዮን 400 ሺህ ዓመት አጽም ወጣች። አጥንቷ ሲነካ የሚፈረፈር ነበር። ስለዚህ ሊቃውንቱ ከነአፈሩ በኖራ መሳይ ነገር ጠቅልለው አነሡት። እናንተስ የቡና ችግኝ ከመደብ ስታነሡ ሥሩ እንዳይጎዳ ከነአፈሩ አይደለምን? ዘዴው አንድ ነው።

ጥርስና አጥንት የምድርንም ታሪክ ይናገራሉ። የዓሣ ነባሪን ነገር እንውሰድ። ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ ላም ወልዶ ያጠባል፤ ለመተንፈስም ከውኃው በላይ ብቅ ይላል። በግብጽ በረሃ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ የሚባል ስፍራ አለ። ዛሬ አሸዋ ብቻ ነው፤ የሚጠጣ ውኃ እንኳ የለበትም። ነገር ግን 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዓሣ ነባሪዎች አጽም ተዘርግቶበት ይታያል። የፊት ጥርሳቸው ሾጣጣ ነው፤ ለመያዝ ያገለግላል። የኋላ ጥርሳቸው እንደ መጋዝ ነው፤ ለመቁረጥ ያገለግላል። አንዳንዶቹም ትንንሽ የኋላ እግር አላቸው። አያቶቻቸው በየብስ ላይ በአራት እግር የሚሄዱ ስለነበሩ ነው። ያ በረሃ ባሕር እንደነበረ የሚመሰክሩት እነዚህ ናቸው።

ወደ እኛ የቀረበም አለ። የእኛ ኦሞ ወንዝ የሚገባው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በኬንያ ምድር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የዓሣ ነባሪ የራስ ቅል ክፍል ተገኘ። ቦታው ከባሕር 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከባሕር ወለል በላይም 620 ሜትር ከፍ ይላል። ታዲያ ዓሣ ነባሪ ተራራ ይወጣልን? አይወጣም። እንስሳው ከ17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሕንድ ውቅያኖስ በትልቅ ወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ ገባና በዚያው ሞተ። ያን ጊዜ ምድሩ ዝቅተኛ ነበር። ከፍ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ዲላ ከጫፉ ላይ የተቀመጠችበት ስምጥ ሸለቆም የዚሁ የምድር መነሣትና መሰንጠቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ያ የዓሣ ነባሪ አጥንት ይህን ሁሉ ሊናገር የቻለው የት እንደተገኘ ስለታወቀ ነው። አንድ ሰው አንሥቶ በኪሱ ይዞት ቢሄድና ቦታውን ባይናገር ኖሮ የሚቀረው የዓሣ ነባሪ አጥንት ብቻ ነው። ስለ ምድሩ መነሣት አንድም ቃል አይወጣውም ነበር።

የጥርሱን ዕድሜ የሚነግረንም አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ራሱ አይደለም፤ አፈሩ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በምድር ላይ ይነጠፋል። በላዩ ጭቃ ይደርባል፤ እንደገና አመድ ይመጣል። እንደ እንጀራ ተነባብሮ ይቀመጣል። ሊቃውንት የአመዱን ዕድሜ በመሣሪያ ይለካሉ። በአራሚስ የአርዲ አጥንት የተገኘው በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ነው። አንደኛውን ንጣፍ በአፋርኛ ግመል ብለው ሰይመውታል። ጥርሱን ከንጣፉ ያወጣ ሰው ዕድሜውን ጣለው ማለት ነው። አንድን ፊደል ከቃሉ መካከል ነቅላችሁ ብትወስዱት ማን ያነበዋል?

ይህን እናንተ ከማንም ይልቅ ትረዱታላችሁ። በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቱቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ታውቃላችሁ። በቱቱ ፈላ ሲቆፈር ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኝቷል። አንዱን ነቅለን ለቤት መሠረት ብናደርገው ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ የማን መቃብር ምልክት እንደሆነ ግን ከእንግዲህ አይናገርም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተመዘገበው ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናውና ትክል ድንጋዩ በየቦታቸው ስለተገኙ ነው። በየቦታቸው ያቆዩአቸው የእናንተ አባቶችና እናቶች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ የጌዴኦ ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ቅሪተ አካል አይበዛም። የሚበዛው የጥንት ሐይቅና ወንዝ ደለል ባስቀሩበት በቆላው ነው። በኮንሶና በኦሞ የተገኘው እንደዚያ ባለ ስፍራ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ለንግድና ለሥራ ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ። ጎርፍ ገደሉን ሲንደውም አዲስ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ያገኛችሁ እንደሆነ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ በዶማ ወይም በመቆፈሪያ አትቆፍሩት። አትጠቡት፤ ለሁለት ከፍላችሁም አትካፈሉት።

ሁለተኛ፣ ካለበት አታንሡት። ቦታውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት አድርጉበት። ልጆችና ከብቶች እንዳይረግጡት ጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ሳታውቁት በዶማችሁ ከወጣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አንሡ። ቀኑን ጻፉ። የማን ማሳ እንደሆነ፣ በየትኛው ወንዝ ወይም ዛፍ አጠገብ እንዳለ፣ ስንት ስንዝር ጥልቀት ላይ እንደነበረ ጻፉ። ዛሬ መጻፍ ትችላላችሁ። ይህች አንድ ገጽ ከጥርሱ የማታንስ ዋጋ አላት።

አራተኛ፣ ለቀበሌያችሁ ወይም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። በድንገት ያገኘ ሰውም እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል። «ሽጡልኝ» የሚል እንግዳ ቢመጣ እምቢ በሉት።

እንግዲህ ያ ጥያቄ ቀርቷል። ምን ይጠቅመናል? ጥርሱ የቡና ዋጋ ከፍ አያደርግም፤ ያደርጋል ብለንም አናታልላችሁም። የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ስለ አገራችን ምድር የሚጻፈውን የሩቅ ሰው ብቻ እንዳይጽፈው ያደርጋል። በአዋሽ ሸለቆ ከሊቃውንቱ ጎን ሆነው የሚፈልጉ አፋሮች አሉ፤ አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። በደቡብም ቢሆን ጎርፍ የገለጠውን ነገር ቀድሞ የሚያየው ገበሬው ነው፤ እረኛው ነው፤ ውኃ ልትቀዳ የወረደችው እናት ናት። ያየውን በቦታው ጠብቆ፣ በራሱ እጅ ጽፎ ያስታወቀ ገበሬ ከሊቁ ጋር እኩል ሠርቷል።

ለልጆቻችሁም ይህን ንገሯቸው። ሜዳ ላይ የሚያገኙትን እንግዳ ድንጋይ ወርውረው እንዳይሰብሩት፣ መጀመሪያ ለእናንተ እንዲያሳዩ አስተምሯቸው።