አጭር መልስ
(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ርእስ ለዚህ ዝግጅት እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። መነሻችን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። መድረሻችን ግን የየራሳችን ቤት ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

እኔ የምኖረው በአዊ ዞን በዳንግላ ከተማ ነው። በእኛም ከተማ ሆነ በዞኑ ዋና ከተማ በእንጅባራ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶቻችን የት እንደሚውሉ ብትጠይቁ፣ ብዙዎቹን የምታገኟቸው የውጭ አገር ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች አግዳሚ ላይ ነው። አንድ ቀን ልጄን ፍለጋ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ጨዋታው አልቆ አሰልጣኙ ለጋዜጠኞች መልስ እየሰጠ ነበር። ጋዜጠኛው ረዘም ያለ ጥያቄ ያቀርባል፤ አሰልጣኙ በሁለት በሦስት ቃል ይዘጋዋል። ሌላው ይጠይቃል፤ እሱ ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ይኼ ሰው ትዕቢተኛ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «የለም፣ ብልህ ነው። ጋዜጠኛ አንድ ቃል ከያዘብህ አይለቅህም» ሲል መለሰለት። ክርክሩን ትቼ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን ከእኔ ጋር ቤት ድረስ መጣ። ዲናችን ምላሳችንን እንድንጠብቅ አጥብቆ ያስተምረናል። ታዲያ ንግግሩን ያሳጠረ ሰው ሁሉ ምላሱን ጠበቀ ማለት ነውን?

ውድ አድማጮች፣ ከመፍረዳችን በፊት አሰልጣኙ ያለበትን ቦታ እንይለት። በትልልቅ ውድድሮች ደንብ አሰልጣኝ ለጋዜጠኞች ቀርቦ የመናገር ግዴታ አለበት። ደስታው ወይም ንዴቱ ሳይበርድለት፣ ብዙ ማይክሮፎን በተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ጋዜጠኛውም በበኩሉ ሥራው ነው፤ ሕዝቡ የሚያነበውንና የሚሰማውን ይዞ መመለስ አለበት። ቡድን የተሸነፈ ዕለት ግን ጥያቄው ተሸፋፍኖም ቢመጣ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው። እሱም የጥፋተኛው ስም ነው።

የራሳችንን ቡድን እናስታውስ። ዋልያዎቹ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመሩ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት የወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ አዳነው። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያም ቀድማ አገባች። በአስር ሰው የቀረው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየ። እንዲህ ካለ ጨዋታ በኋላ ስለ ፍጹም ቅጣት ምቱና ስለ ቀይ ካርዱ መጠየቅ የማይቀር ነው። አሰልጣኝ ሲመልስ የሚሰሙት ደግሞ ጋዜጠኞቹ ብቻ አይደሉም። የተጫዋቹ እናት ትሰማለች፤ የሰፈሩ ልጆች ይሰማሉ፤ ተጫዋቹ ራሱ ይሰማል። በንዴት የተጨመረች አንዲት ቃል ለዓመታት የማትፋቅ ስም ሆና ልትቀር ትችላለች። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት አጭር መልስ ሌላውን ሰው የሚጠብቅ መልስ ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብራዚል ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ የአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የቦስኒያው ተወላጅ ቫሂድ ሃሊልሆዚች ነበር። ከአገሪቱ ጋዜጦች ጋር ብዙም አይዋደድም ነበር። ይሁንና በእሱ መሪነት አልጄሪያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ አለፈች። ቀጣዩ ጨዋታ ከጀርመን ጋር በሆነበት በዚያ ሰሞን የረመዷን ወር ገባ። ጋዜጠኞቹም ተጫዋቾቹ ይጾሙ አይጾሙ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁት። አሰልጣኙ ጉዳዩ የግል መሆኑን፣ ተጫዋቾቹም በራሳቸው እንደሚወስኑ ተናግሮ በሩን ዘጋው። ስለ ኳስ ካልሆነ በስተቀር ተነስቶ እንደሚሄድም አስታወቀ። ጨዋታው ተካሄደ፤ ጀርመን ያሸነፈችው በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ነው።

ብዙዎች ይህን መልስ ቁጣ ብለውት ይሆናል። እስቲ አስቡት፤ የእነዚያን ወጣቶች ዝርዝር ቢያወጣ ኖሮ ምን ይከተል ነበር? እገሌ ጾመ፣ እገሌ አፈጠረ እየተባለ በየቡና ቤቱ ፍርድ ይሰጥ ነበር። ጾም በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ኢባዳ ነው፤ መንገደኛም አላህ (ሱ.ወ) የሰጠው ሩኽሳ አለው። አሰልጣኙ የተጠየቀው የእሱ ያልሆነን ምስጢር ነበር፤ አሳልፎ አልሰጠም። እንዲህ ያለው አጭር መልስ አማና ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አጭር መልስ ጥፋትን ማመን ነው። አሁንም ወደ አገራችን እንመለስ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ጨፈረ። ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የማጣሪያ ዙር አለፍን ተብሎ ነበር። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ አንድ ዜና አሰማ። ቀደም ብሎ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፏል የሚል ነበር። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ስህተት መፈጸሙን አመነ። ሦስት ነጥብም ተቀነሰብን። ደስታው በአንድ ጀምበር ወደ ሐዘን ተለወጠ። እንዲህ ባለ ቀን ሰበብ ለመደርደር ሰዓታት አይበቁም፤ ለእውነቱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ተሳስተናል» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ለመናገር ግን ከረጅሙ ሰበብ ይልቅ ይከብዳል። ቡድኑም ቀሪውን ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ወደ ቀጣዩ ዙር አልፏል።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ከሁለቱ ይለያል፤ ይህ ለቅጣት የሚውል ዝምታ ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱን ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን የማያውቅ ወጣት በእኛ ከተማ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቢቢሲ በልጁ ሥራ ላይ ያተኮረ ዘገባ አቀረበ። ፈርጉሰንም እጅግ ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2011 ድረስ ለዚህ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ አልሰጠም። ሰባት ዓመት ያህል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጣቢያው የሚቀርቡት ረዳቶቹ ነበሩ። በመጨረሻ ከጣቢያው የበላይ ኃላፊ ጋር ተገናኝተው ተነጋገሩና ነገሩ በረደ።

የአባትን ሐዘን አባት ያውቀዋልና በሰውዬው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር መቆራረጥም ከወንድም ጋር መኳረፍ ነው አልልም። ሆኖም ለሰባት ዓመት የተዘጋው በር በአንድ ቀን ንግግር መከፈቱን ልብ በሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ አስተምረዋል። ሦስት ቀን ንዴት እስኪበርድ የሚበቃ ጊዜ ነው። ከዚያ ያለፈ ዝምታ ንዴት መሆኑ ይቀርና ልማድ ይሆናል።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

እኔ በከተማዬ «ቁጥብ ሰው» የምባል ነኝ። ሐሜት አልወድም፤ በሱቄ በር ላይ ወሬ አይደረደርም። ይህንንም እንደ መልካም ጠባይ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ግብ ጠባቂ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አቧራ ለብሶ፣ ጉልበቱ ተጋግጦ ገባ። እኔ የቀኑን ሒሳብ እየደመርኩ ነበር። «አባዬ፣ ተሸነፍን» አለኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ «እሺ፣ እጅህን ታጠብ» አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተሳደብኩም፤ አልመታሁም። ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ስለ ኳስ ለእኔ መናገር አቆመ። ቀጥሎም ስለ ትምህርቱ አቆመ። ስጠይቀው «ደህና» ይላል፤ ደግሜ ስጠይቀው «ምንም» ይላል። እኔ ግን ልጁ አደገ፣ ቁጥብ ሆነ ብዬ በልቤ ተደሰትኩ።

አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ታናሽ እህቱ ጭልፋውን እንደ ማይክሮፎን ይዛ ጋዜጠኛ ሆነች። እናቷን ጠየቀች፤ እናቷም ስለ ወጡም ስለ ገበያውም ሰፋ አድርጋ መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «አሰልጣኝ፣ የዛሬው ውሎዎ እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ደህና» አልኳት። «ስለ ቡድንዎ ምን ይላሉ?» «ምንም» አልኳት። ወደ እናቷ ዞር ብላ፣ «የእኛ አሰልጣኝ ሁልጊዜ ይኸው ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጄ ግን አልሳቀም። «ደህና» እና «ምንም» የሚሉትን ቃላት ከማን እንደተማራቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያች ሌሊት የአነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም ታሪክ ትዝ አለኝ። ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ወፊቱም ሞተችበት። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑ አዝኖ ባዩት ጊዜ ቀርበው ስለ ወፊቱ ጠየቁት። የኡመቱ ሸክም በትከሻቸው ላይ ነበር። ንግግራቸውም የተመጠነ፣ ሰሚው ቃላቱን ለመቁጠር የማይቸገርበት እንደነበር ተላልፎልናል። ሆኖም ንግግራቸው የተመጠነ መሆኑ ስለ አንዲት ወፍ ከመጠየቅ አላገዳቸውም። አነስም (ረ.ዐ) አስር ዓመት አገልግለዋቸው አንድም የመሰልቸት ቃል ሳይሰሙ እንደኖሩ መስክረዋል።

በአዊ አገር ፈረስን የማያውቅ የለምና በፈረስ ልመስለው። ልጓም ፈረሱን ለማቆም ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ወደሚፈለገው መንገድ ለመምራትም ነው። ቀን ከሌሊት ስቦ የያዘ ሰው ፈረሱን ገራሁ ቢል ማንም አያምነውም። ምላስም እንዲሁ ነው። ሐሜት ሲመጣ፣ የሰው ምስጢር ስንጠየቅ፣ ቁጣ ሲያቃጥለን እንያዘው። ያዘነ ልጅ ፊታችን ሲቆም ግን እንልቀቀው።

ስለዚህ ውድ አድማጮች፣ አጭር መልስ ከመስጠታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። በዝምታዬ የምጠብቀው ማንን ነው? ያልተናገርኩት የሌላ ሰው አማና ስለሆነ ነው ወይስ መናገሩ ስለሰለቸኝ? የጠየቀኝስ ሰው ወሬ ፈልጎ ነው ወይስ እኔን? ጋዜጠኛ ዜናውን ይዞ ይሄዳል፤ ነገም ከሌላ ሰው ዜና ያገኛል። ልጃችን ግን ሌላ አባት የለውም። እኛም ማይክሮፎን የያዝን ሰዎች ስንጠይቅ ጥፋተኛ ለማግኘት ሳይሆን እውነቱን ለመረዳት ይሁን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንጅባራ የምትኖረውን አክስቱን ለመዘየር ከልጄ ጋር ሄድን። ሚኒባሱ ከዳንግላ እንደወጣ፣ «ያን ቀን ኳሷ እንዴት ገባችብህ?» አልኩት። መጀመሪያ ፊቴን አየ፤ ልቆጣው ነው ብሎ የፈራ ይመስላል። ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ከዚያ ጀመረ። ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች፣ ተከላካዩ የት እንደቆመ፣ ኳሷ ነጥራ በየት እንደዞረች ነገረኝ። አዲስ ቅዳምን አለፍን፤ እሱ አላቆመም። እንጅባራ መናኸሪያ ደርሰን በብርዱ ኩታዬን ስከናነብ እጄን ያዘና፣ «አባዬ፣ ያን ቀን እኮ ሁለት ኳስ አድኛለሁ» አለኝ።

ይህን ወሬ አንድ ዓመት ሙሉ ይዞልኝ ኖሯል።

አላህ (ሱ.ወ) ዝም ማለት በሚገባን ቦታ ዝምታን፣ መናገር በሚገባን ቦታ መልካም ቃልን ይወፍቀን። ቤቶቻችንን ጠያቂና ሰሚ ያለባቸው ያድርጋቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።