ውሻና ድመት በባለ ሸራ ጀልባ

(የማዕበል ድምፅ)

አቅራቢ፦ በካሪቢያን ባሕር ባለ ሸራ ጀልባን ቤታቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ውሻና ድመታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። ከደሴት ደሴት ሲሻገሩ የሚያስቸግራቸው ማዕበሉ ብቻ ይመስላችኋል? ወረቀቱም አለ።

ጀልባዋ ወደብ ስትደርስ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለች፤ «የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው» ማለቷ ነው። ካፒቴኑ ሰነድ ይዞ ሲወርድ፣ ውሻው አሸዋውን እያየ ይጠብቃል። ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከበሽታው ነፃ የሆኑት እንደ አንቲጓና ባርቡዳ ያሉ አገሮች ከቆዳ ሥር የሚገባ ማይክሮቺፕ፣ ክትባትና የደም ምርመራ ይጠይቃሉ። የምርመራው ውጤት በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ማርቲኒክና ጓዴሎፕ ግን የፈረንሳይ ግዛት ስለሆኑ የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ይከተላሉ።

ኑሮውም ዘዴ ይፈልጋል። ለውሻው መሽኛ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፋል። ከጀልባዋ ኋላ ደግሞ ቁራጭ ምንጣፍ ወደ ውኃው ይንጠለጠላል፤ ድመቷ ብትወድቅ በጥፍሯ ቧጥጣ እንድትወጣ።

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ መልሕቅ ከመነሳቱ በፊት የመድረሻውን አገር የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው።