አገር በጠዋቱ አሥር ደቂቃ ይሠራል

(ባለፈው እሁድ በወርሃዊው የወጣቶች መድረካችን ላይ የተደረገ ንግግር ነው። «በጽሑፍ ይለጠፍልን» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ እነሆ። ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



በቅሬታ ብጀምር አትቀየሙኝ። ይህ መድረክ በ8 ሰዓት ይጀምራል ተብሎ ነበር። የጀመርነው 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በ8 ሰዓት እዚህ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው ወንበር የሚደረድሩ ሁለት ልጆችና እኔ ብቻ ነን። እኔም ብሆን ተናጋሪ ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ አድማጭ ብሆን ኖሮ ከእናንተው ጋር 9 ሰዓት ላይ ነበር የምገባው። እውነቱን እንነጋገር ብዬ ነው።

እኛ እኮ «አገር እንቀይራለን» የምንል ልጆች ነን። የአንድ ከሰዓት ቀጠሮ ማክበር ያቃተን ሰዎች «የአባቶቻችንን አደራ እንጠብቃለን» ስንል ማን ያምነናል? ስለዚህ ዛሬ ስለ ትልቅ ነገር አላወራም። ስለ ትንሽ ነገር ነው የማወራው፤ በየቀኑ ስለምናደርገውና ስለማናደርገው ትንሽ ነገር።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አዲስ አበባ እኛ ቤት ነበር የኖረችው። አባቷ አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያን በገባበት ጊዜ አምስቱንም ዓመት ዱር ነው የከረሙት። አያቴ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ስታፈላ ትጠራኛለች። «ና ልጄ፣ ቁጭ በል፤ ያባቴን ነገር ልንገርህና ጻፈው፤ እኔ ካለፍኩ የሚያውቅ የለም» ትለኛለች። እኔ ግን ስልኬ ላይ ነኝ። ሌሊቱን ፌስቡክ ላይ ስለ ታሪካችን ስከራከር አድራለሁ፣ ጠዋት ደግሞ የተሰጠኝን መልስ አነባለሁ። «እሺ እማማ፣ ነገ» እላታለሁ። እሷም «እሺ የኔ ልጅ» ትላለች።

አንድ ዓመት ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን ዕለት፣ ስለ አርበኞቻችን ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደደው። በዚያው ወር አያቴ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ከመንዝ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «አንተ የተማርከው ነህ አሉ» አሉኝ። «ቅድመ አያትህ የቆሰሉት የትኛው ውጊያ ላይ ነበር? እሷ ነበረች የምታውቀው፤ መቼም ነግራሃለች።» ምን ልበላቸው? አላውቅም። አብረዋቸው የነበሩትን አላውቅም፣ የት እንደተቀበሩ አላውቅም። ስማቸውንና አንዲት የገደል ስም ብቻ ነው የማውቀው። ስለ ሕዝብ ታሪክ ሌሊቱን ሙሉ የምጮኽ ሰው የገዛ ቤቴን ታሪክ አስቀበርኩት።

አሁን ሒሳቡን አብረን እናስላ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሰዓት ያልፋል። እኔ ከዚያ ውስጥ 10 ደቂቃ ብቻ ብሰጣት፣ ለዚያውም በሳምንት አምስት ቀን ብቻ፣ በዓመት ከ40 ሰዓት በላይ ነው። በሦስት ዓመት ከ120 ሰዓት በላይ። መጽሐፍ ይወጣዋል እኮ! የጎደለኝ ጊዜ አልነበረም፣ የአገር ፍቅርም አልነበረም። የጎደለኝ ልማድ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። ስሜት አገር አይጠብቅም። ስሜት ሞቅ ይላል፣ ይበርዳል። ሲበርድ የሚቀረው በየቀኑ የለመድነው ነገር ብቻ ነው።

አበበ ቢቂላን ሁላችንም የፕሮፋይል ፎቶ አድርገነዋል። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠ። ፋሺስት ከአክሱም ዘርፎ በወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ ደገመው። እኛ የምናስታውሰው ያንን ሁለት ሰዓት ነው። ያንን ሁለት ሰዓት የሠራው ግን ማንም ያላጨበጨበለት፣ ካሜራ ያልቀረጸው፣ የየዕለቱ ልምምድ ነው።

ዓድዋም እንዲሁ ነው። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 በአንድ ቀን ውሎ ተገኘ። ክተቱ የታወጀው ግን መስከረም ላይ ነበር። በመካከሉ ያለው ወራት የእግር መንገድ ነው፤ ቆሎ የሚቆላበት፣ በሶ የሚፈጭበት፣ አጋሰስ የሚጫንበት። ያንን ስንቅ ያዘጋጁት እናቶቻችን እያንዳንዷን ቁና እህል ሲፈጩ ማንም አልዘፈነላቸውም። ስንቁ ባይኖር ግን ጀግናው ዓድዋ አይደርስም ነበር።

እሺ፣ ምን እናድርግ? አራት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንደኛ፣ ጠዋት ከስልክ በፊት 10 ደቂቃ። ዓይናችንን ስንገልጥ መጀመሪያ የምንነካው ስልካችንን ነው፤ ከዚያ ቀኑን የሚመራው ሌላ ሰው ነው። ማታ ስልካችሁን እጃችሁ ከማይደርስበት ቦታ ቻርጅ አድርጉት። ጠዋት ፊታችሁን እንደታጠባችሁ መጀመሪያ 10 ደቂቃውን ለራሳችሁ ክፈሉ። የምትጸልዩ ጸልዩ፣ የምትሮጡ ሩጡ፣ ተማሪ የሆናችሁ የከበዳችሁን ትምህርት ግለጡ።

ሁለተኛ፣ በቀን 10 ገጽ ንባብ። በዓመት 3,650 ገጽ ነው፤ ባለ 250 ገጽ መጽሐፍ ቢሆን 14 መጽሐፍ ይሆናል። 10 ገጽ ከበዳችሁ በ2 ገጽ ጀምሩ። ከዜሮ ወደ 2 መሄድ ነው የሚከብደው።

ሦስተኛ፣ ያናደዳችሁን ነገር ሼር ከማድረጋችሁ በፊት 10 ደቂቃ ቆዩ። ይህንን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ «ዛሬ በወገናችን ላይ የተፈጸመ» ተብሎ ሲዞር አይተናል፤ እኔም ሼር አድርጌ አውቃለሁ። ማን አነሳው? የት? መቼ? ሳይጠየቅ የተላከ ፎቶ አንድ ምንም የማያውቅ ሰው በር ላይ ድንጋይ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። የእኛ ንቅናቄ የሰው ደም ዕዳ እንዲኖርበት አንፈልግም። ወገንን መውደድ የሌላውን እናት ልጅ መጥላት አይደለም።

አራተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ጋር ቡና ጠጡ። ፈቃድ ጠይቁና ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጉት። አቦሉ እስኪያልቅ ጠይቁ፣ አዳምጡ። በሕይወት ያሉላችሁ አያቶች ካሉ፣ እባካችሁ፣ እንደኔ «ነገ» አትበሏቸው።

«እንጀምራለን፣ ግን በሦስተኛው ቀን እናቆማለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም አቁሜ አውቃለሁ። ለዚህ መድኃኒቱ እኛው ቤት አለ፤ ዕቁብ። ብቻውን ሆኖ በሳምንት 200 ብር ማስቀመጥ ያቃተው ሰው፣ ዕቁብ ሲገባ ቀኑ ሳይደርስ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ገቢው አልጨመረም። ዳኛ አለበት፣ ጸሐፊ አለበት፣ የሚጠብቁት ሰዎች አሉበት፤ ማፈሩ ነው የሚያስቆጥበው። እንግዲያው የልማድ ዕቁብ እንግባ። አምስት አምስት ሁኑ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ክፈቱ። ማታ ማታ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ «አደረግሁ» ወይም «አላደረግሁም»። ሌላ ወሬ አይግባበት። አንድ ቀን የሳተ አይሰደብ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከሳተ ግን ይደወልለት። ታሞም፣ ከፍቶትም ሊሆን ይችላል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል አድገናል፤ ለምደነው እንደ ቀልድ ነው የምንሰማው። እንቁላሉ ግን ዝም ብሎ አልሄደም። እናቱ ሃያ አንድ ቀን ሳትሰለች ታቅፋዋለች። በአሥረኛው ቀን ሰልችቷት ብትተወው ይበላሽ ነበር።

እኔ ለአያቴ ያልሰጠኋትን 10 ደቂቃ መመለስ አልችልም። አሁን ግን በወር አንድ ጊዜ መንዝ እሄዳለሁ። ያ ለቅሶ ላይ የጠየቁኝ ሽማግሌ ገና አሉ። የሚያስታውሱትን ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። እስካሁን 31 ገጽ ሆኗል። እሷ ትነግረኝ ከነበረው ሩቡም አይሆንም፤ ቢሆንም 31 ገጽ ነው።

የሚቀጥለው መድረካችን በ8 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት እጀምራለሁ፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም እጀምራለሁ። ቀድማችሁ ኑና ወንበሩን አብረን እንደርድር።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!